በአንድ ጌሾ የተጠመቀ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው መንገድ እንቅልፍ ያጣል። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በ19 ስለሚውል ባለ ስለቱ፣ ጃንጥላና ጧፍ የያዘው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ አዋሽን ተሻግሮ፣ የአሰቦትንና የሚኤሶን ሙቀት አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ጭሮ ላይ ጉልበቱን ያሳርፋል። ጭሮ ከመዲናዋ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በተራሮች መሐል የተቀመጠች የምዕራብ ሐረርጌ ርእሰ ከተማ ናት። በዕድሜ የገፉት እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የቆረቆሯት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ሰው። በዙሪያዋ ያለውን የጨርጨር ምድር ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ሊያደርጉ ደክመዋል።

በንግሡ ሰሞን የጭሮ ምሳ ቤቶች ይሞላሉ፣ ባጃጆች ይራወጣሉ፣ አልጋ የያዘ ዕድለኛ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ስለቱን ሊያደርስ የመጣ ዘመዴ ሻንጣውን ከፍቶ በጋቢ የተጠቀለሉ የቢራ ጣሳዎች ያወጣልኝ በዚሁ ሰሞን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩት ሕንድ ፔል ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት ነው። ይህኛው ደግሞ ጉሽ ነው፤ ሳይጣራ ታሽጎ ሳይጣራ ይጠጣል። ከሁሉ ይልቅ ያጓጓኝ ግን ጣሳው ላይ የተጻፈው ነገር ነው፤ የገባበት ሆፕ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ስሙም ሞዛይክ።

ሆፕ ማለት የፋብሪካ ቢራ መራራነቱንና ሽታውን የሚያገኝበት ሐረግ ነው። ጥቅም ላይ የሚውለው የሴቴዋ አበባ ነው፤ በአበባው ቅጠሎች ሥር እንደ ዱቄት የተበተነ ቢጫ ሙጫ አለ፣ ጥበቡ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከሙጫው ከፊሉ ሲፈላ ወደ መራራነት ይለወጣል። ከፊሉ ደግሞ ዘይት ነው፤ ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ሲፈላ ግን በእንፋሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጠማቂ ሆፑን ቀድሞ ወደ እሳቱ ከጨመረ መራራ ቢራ፣ አዘግይቶ ከጨመረ ሽታው የበረታ ቢራ ያገኛል። አውሮፓውያን ይህን ተክል በቢራ ውስጥ መጠቀም ከጀመሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በ822 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ የኮርቢ ገዳም አበምኔት ለገዳሙ በጻፉት ደንብ ውስጥ ተጠቅሷል። በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ባወጡት ዝነኛ ሕግ ደግሞ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ታዘዘ።

ሕንድ ፔል ኤል የተባለው ቢራ መነሻው እንግሊዝ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የለንደን ጠማቂዎች ወደ ሕንድ በመርከብ ለሚልኩት ቢራ ሆፑን አበዙለት፤ ሆፕ ባክቴሪያን ስለሚያዳክም ረጅሙን የባሕር ጉዞ እንዲችል ነበር። ጉሹ ዘር ግን የትናንት ልጅ ነው። የአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት ጠማቂ ጆን ኪሚች ሄዲ ቶፐር የተባለውን ቢራውን ሳያጣራ፣ መራራነቱን አለዝቦ ሽታውን አብዝቶ ሠራው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በጣሳ ማሸግ ሲጀምር ሰው ከሩቅ ግዛት እየነዳ ይመጣለት ጀመር። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር ጉሹን ቢራ ራሱን እንደቻለ ዘር ቆጥሮ በመመዘኛው ውስጥ ያስገባው በ2018 ነው። ሞዛይክ ራሱም ወጣት ነው፤ በዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ሸለቆ ሲምኮ ከተባለችው ሆፕ ተዳቅሎ በ2012 ለገበያ ቀረበ።

ይህን ጣሳ ሆቴል ውስጥ መክፈት አልፈለግሁም። ከዘመዴ ጋር ተያይዘን ወደ ጠላ ቤት ሄድን፤ በሩ ላይ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ተደፍቶ የተተከለበት፣ በውስጡ ዙሪያውን አግዳሚ ያለበት ቤት ነው። ጠማቂዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ እየመለሱ ይቀዳሉ። የመጣንበትን ነገር ስንነግራቸው አልሳቁም፣ አልተገረሙም። ሁለት ብርጭቆ አለቀለቁ፣ ጣሳውን ተቀብለው ዙሪያውን አዩት።

«ጌሾው የት አገር ነው?» የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር።

«አሜሪካ፣ ያኪማ የሚባል ሸለቆ አለ፤ የዚያ ነው።»

«ብቻውን ነው የገባው?»

«አዎ እማማ፣ ሌላ አልተቀላቀለበትም።»

«እንዲያ ከሆነ ይታወቃል። ሲደባለቅ ማንን ታመሰግናለህ፣ ማንን ትወቅሳለህ?»

የአንድ ሆፕ ቢራ ለምን እንደሚጠመቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አብዛኛው ሕንድ ፔል ኤል ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆፖች ተቀላቅለውበት የሚሠራ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በአንድ ብቻ የሚጠምቅ ግን ብቅሉን ገለል፣ እርሾውን ዝም አድርጎ ያንን አንድ ተክል አደባባይ ያወጣዋል። ምሬቱ ሻካራ መሆን አለመሆኑ፣ ሽታው ጥልቅ ይሁን አፍንጫ ላይ ብቻ የሚቀር፣ ከአፍ ከወረደ በኋላ የሚተወው ምን እንደሆነ ሁሉ ይገለጣል። ገበሬውም ጠማቂውም ጠጪውም ስለ አንድ ነገር መነጋገር ይችላሉ።

ቢራው ሲቀዳ መልኩ የብርቱካን ጭማቂ ነው የሚመስለው፤ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ብታነሡት ጣታችሁ ከወዲያ አይታይም። ጉሽነቱ የመጣው ከቆሻሻ አይደለም። ከገብስ ብቅሉ ጋር አጃና ስንዴ ይገባበታል፤ የእነሱ ፕሮቲን ከሆፑ ታኒን ጋር ተያይዞ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ማጣሪያም አይነካውም። አፍ ውስጥ ለስላሳና ወፈር ያለ ሆኖ የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ጠማቂዋ መጀመሪያ አሸተቱት፣ ብርጭቆውን ዞር አድርገው እንደገና አሸተቱት። «ዘይቱን ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው «የበሰለ ማንጎም አለበት። ፍሬ ጨምረውበታል» ብለው ደመደሙ። ምንም ፍሬ እንደሌለበት ዘመዴ ጣሳውን እያነበበ ሲያስረዳ አላመኑም። እኔም ስቀምሰው ለማመን ተቸግሬ ነበር። ከማንጎውና ከዘይቱኑ ኋላ ደግሞ የቡና ሰዎች ብሉቤሪ የሚሉት፣ ሐረር ቡና ውስጥ የማውቀው የጠቆረ ፍሬ ሽታ ነበረበት። ከዚያም በኋላ የጥድ እንጨት። መራራነቱ መጨረሻ ላይ፣ በምላስ ሥር፣ ቀስ ብሎ መጣና ሳይቆይ ሄደ።

«ምሬቱን ወዴት ወሰዱት?» ብለው ጠየቁ ጠማቂዋ።

ምሬቱን የወሰደው የእሳቱ ሰዓት ነው። ጉሽ ቢራ ጠማቂ ሆፑን ከሚፈላው ጋር ብዙ አያቆየውም። ከፊሉን እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ የሚበዛውን ደግሞ እርሾ ሥራውን እየሠራ ሳለ ወይም ከጨረሰ በኋላ በቀዝቃዛው ይጨምረዋል። ዘይቱ ሳይተን ይቀራል። እርሾው በሕይወት ሳለ የተጨመረ ሆፕ ደግሞ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ እርሾው አንዳንዱን የሆፕ ዘይት ወደ ሌላ ይለውጠዋል፣ ጽጌረዳ የሚሸተው ጄራኒዮል ወደ ሎሚ የሚያደላው ሲትሮኔሎል ይሆናል። ያልገባ ፍሬ የሚሸተው እንዲህ ተሠርቶ ነው።

ይህን ሳስረዳቸው አልደነቃቸውም። «እኛስ ጌሾ መቼ እናፈላለን?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የጉዳዩ ልብ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የጠላ አጠማመቅን ለሚያውቅ አንባቢ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ የጌሾውን መንገድ ብቻ እንከተል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውሃ ጋር ይገባል፣ ከደቀቀ ብቅል ጋር ሆኖ ለጥቂት ቀናት ጥንስስ ይሆናል። ከዚያ ቂጣው ተቆርሶ፣ የጌሾው እንጨት ተጨምሮ፣ በምጣድ ላይ የታመሰው እንኩሮ ገብቶበት ድፍድፉ ይደፈደፋል። ጠማቂዋ እንኩሯቸውን የሚያዘጋጁት ከማሽላ ነው፤ በሐረርጌ ማሽላ የማይገባበት ነገር የለም። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበታል፣ ጋኑ ይታሸጋል፣ ጠላው እስኪደርስ ይጠበቃል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ጌሾው እሳት ላይ አልወጣም። ቅጠሉም እንጨቱም ኑሮው ሁሉ ከእርሾው ጋር ነው፤ እርሾው ደግሞ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ራሱ የሚመጣ ነው።

ይህ የሚቻለው ጌሾ ከሆፕ የተለየ ተክል ስለሆነ ነው። የሆፕ መራራነት እሳት ካላገኘው በደንብ አይወጣም። የጌሾ መራራ ንጥረ ነገር ግን ራሱ በውሃ ይሟሟል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ከጌሾ ቅጠል ለይተው አውጥተውት ጌሾይዲን የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ጥናታቸው በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት በ1995 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዘመድ አይደሉም። ሆፕ ሐረግ ነው፣ ጌሾ ቁጥቋጦ። የሆፕ አበባው ይፈለጋል፣ የጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ። ጌሾ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ እዚያ የሚያብረቀርቅ ቅጠሉን አይተው ስም አውጥተውለታል፣ ለመድኃኒትም ይጠቀሙበታል። መጠጥ መጥመቂያ ያደረጉት ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ተራው ጠላ በአንድ መራራ ተክል ብቻ የሚጠመቅ፣ ተክሉ ሳይፈላ የሚገባበት፣ ሳይጣራም የሚጠጣ መጠጥ ነው። ቬርሞንት ውስጥ እንደ አዲስ ግኝት የተጨበጨበለት መንገድ በጭሮ ጓዳ የዘወትር ሥራ ነው። ይህን የምለው «እኛ ቀድመን ነበርን» ለማለት አይደለም፤ ሁለቱ መጠጦች ተገናኝተውም ተወራርሰውም አያውቁም። የምለው ተፈጥሮ ራሷ ሁለት ጊዜ አንድ መልስ ስለሰጠች መልሱ ሊመረመር ይገባዋል ለማለት ነው።

ጠላው በጣሳ መጣ። ከቢራው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የጉሽነታቸው ልዩነት ይታያል፤ ያኛው ቢጫ፣ ይህኛው ከእንኩሮው የወሰደው ቡናማ። አረፋው ቶሎ ይሟሽሻል። መጀመሪያ አፍንጫ የሚያገኘው የወይራውን ጭስ ነው፣ ከዚያ የተቆላውን እህል። ሲቀመስ ጎምዘዝ ይላል፤ የወተት እርጎን የሚያኮመጥጡት የባክቴሪያ ዘመዶች እዚህም ሥራ አላቸው። ጌሾው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምሬቱ ከሆፕ ምሬት ይለያል፤ ሆፕ ምላስን ይነክሳል፣ ጌሾ ግን ጉንጭን ያደርቃል። አረንጓዴ የቅጠል ሽታ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የእንጨት ቅርፊት። ከዋጡት በኋላ ይቆያል። የአልኮል መጠኑም የተለያየ ነው፤ ተራ ጠላ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ ሲሆን ጣሳው ላይ የተጻፈው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ዘመዴ ጠላውን በቀላሉ ጨረሰው፣ ቢራውን ለሦስት ተካፍለን ነው የጠጣነው።

ጠማቂዋ ስለ ቅጠሉና ስለ እንጨቱ ልዩነት ብዙ አጫወቱኝ። ቅጠል ሲበዛ ይመራል፣ እንጨት ይለዝባል። ለጠጅ እንጨቱ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ያረጀ ቅጠል ጉልበት የለውም፣ አዲሱ ደግሞ ካልተጠነቀቁለት ጠላውን ይጥለዋል። ቅጠሉን በጣታቸው አድቅቀው ካሸተቱት በኋላ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ይወስናሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፣ ያውም በትክክል የተመዘነ ዕውቀት። ከዚያ እኔም የእሳቸውን ጥያቄ መልሼ ጠየቅኋቸው፦

«የእርስዎስ ጌሾ ከየት ነው እማማ?»

«ከገበያ ነዋ ልጄ። ጌሾ ጌሾ ነው።»

ይህ መልስ እስካሁን ይቆጨኛል። የቆጨኝ በእሳቸው አይደለም፤ የሰሙትን የገበያ ቋንቋ ነው የመለሱልኝ። የቆጨኝ ይህ የተነገረበት ስፍራ ምዕራብ ሐረርጌ ስለሆነ ነው። በመላው ኢትዮጵያ ሰው ከአንድ ተክል ላይ የትውልድ ስፍራውን የማንበብ ልማድ የበረታበት አካባቢ ቢኖር ይህ ነው።

ቡናውን እንይ። ከበደሳ፣ ከገለምሶ፣ ከዳሮ ለቡ፣ ከቦኬ፣ ከሒርና የሚወጣው ቡና በዓለም ገበያ ሐረር በሚል ስም ይታወቃል። ከነፍሬው ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ፍሬው ሽታውን ለዘሩ ያወርሰዋል፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የጠቆረ ፍሬ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀማሾች ድሬዳዋ ላይ በማንኪያ ስበው፣ አጣጥመው፣ ደረጃ ያወጡለታል። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች የራሷ ንብረት አድርጋ ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ስምምነት ላይ የደረሰችው ስም ገንዘብ ስለሆነ ነው። በገለምሶ አካባቢ ያለ ገበሬ የማሳውን ቡና ከጎረቤት ወረዳ ቡና ጋር አንድ ነው ቢባል ይቀየማል።

ጫቱም እንዲሁ ነው። ስለ ጫት ጉዳትና ጥቅም መከራከር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ጨርጨር ማሽላና ቡና ነቅሎ ጫት መትከሉ ያሳስበኛል። ነገር ግን በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው አወዳዩን ከገለምሶው፣ ወንዶውን ከበለጬው በአንድ ቅጠል ይለያል። የቅጠሉን ቀለም፣ የእንጨቱን ልስላሴ፣ በአፍ የሚተወውን ጣዕም ይናገራል። እንዲህ ዓይነት ምላስ ያለው ሕዝብ ጌሾ ላይ ሲደርስ «ጌሾ ጌሾ ነው» ሊል አይገባውም። ጌሾም የወይና ደጋና የደጋ ተክል ነው፤ አፈር፣ ከፍታ፣ ዝናብ፣ የተቆረጠበት ወቅት ሁሉ ይነካዋል።

የፋብሪካ ቢራ በዚህ አገር ሌላ ጎዳና ነው የሄደው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቢራ የሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ በምሽት፣ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚፈለገው ቀዝቃዛና ቀላል ነገር ነው እንጂ የሚመረመር ጣዕም አይደለም። ለዚህ ምድር የቅርቡ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው ሐረር ቢራ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ከበደሌ ጋር ለሄኒከን ተሸጠ። ፋብሪካው ሁለት ነገር ሠርቷል ብዬ አከብረዋለሁ። አንደኛው ሐረርን ቁልቁል በሚያየው በሐኪም ተራራ የተሰየመው ጥቁሩ ሐኪም ስታውት ነው፤ ቀላል ቢራ በሚጠጣ አገር የተቆላ ብቅል ጣዕም ያቀረበ ደፋር ሥራ ነበር። ሌላው አልኮል የሌለበት ሶፊ ነው። ብዙኃኑ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ፣ የብቅልን ጣዕም የሚወድ ነገር ግን የማይጠጣ ሰው እንዳለ የተረዳ ፋብሪካ ነው ሶፊን የሠራው። በየቤቱ ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦም ይህንኑ ያስተምራል።

የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሆፑን የሚያመጡት ከውጭ ነው። ሆፕ እንዲያብብ በበጋ ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ በያኪማ በሰኔ ወር ፀሐይ 16 ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ በጭሮ ሰማይ ላይ ግን ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደቡብ አፍሪካውያን ጆርጅ በምትባል ከተማ ዙሪያ አጭር ቀን የሚችሉ ዘሮችን አዳቅለው ተሳክቶላቸዋል፤ እነሱም ግን ከምድር ወገብ ከእኛ ይልቅ ብዙ ይርቃሉ። ስለዚህ ጉሽ ሕንድ ፔል ኤልን እዚህ ልጥመቅ የሚል ሰው ሆፑን በውድ ምንዛሪ ያስመጣል፣ እስኪጠቀምበትም በብርድ ያቆየዋል። ቢራው ራሱም ብርድ ይወዳል። ጉሽ ቢራ አየር ካገኘው ቀለሙ ይጠቁራል፣ የፍሬ ሽታው ወደ ርጥብ ካርቶን ይለወጣል፤ ቀዝቅዞ ካልቆየ በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል። ዘመዴ ካመጣቸው ጣሳዎች አንዱ ሚኤሶ ላይ መኪና ውስጥ ፀሐይ አግኝቶት ነበርና ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ማንጎው ጠፍቶ የጥዱ ሽታ ብቻ ቀርቶበታል። ጠላም ከደረሰ በኋላ በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ሁለቱም በተጠመቁበት አጠገብ የሚጠጡ መጠጦች ናቸው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ቢራቸውን የሚያጣሩትና በሙቀት የሚያክሙት ለወራት በሙቀትና በአቧራ መንገድ ሊጓዝ ስለሚገባው ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ጉሽ ነገር አይዘልቅም።

ሳይጣራ የሚቀዳ ቢራ በኢትዮጵያ አልተሞከረም ማለት ግን አይደለም። ቦሌ የሚገኘው ቢራ ጋርደን ኢን በጀርመን ዘይቤ የጠመቀውን ቢራ ሳያጣራ ሲያቀርብ ኖሯል፣ አዲስ አበቤም ወዶታል። ጠጪው ጉሽ ነገር አይፈራም፤ በጠላ ያደገ ሕዝብ ምን ሊያስፈራው። እስካሁን ያልተሞከረልን ሌላው ግማሽ ነው፤ የአንድ ስፍራን ጌሾ ለብቻው፣ በስሙ፣ ለቅምሻ ማቅረብ።

አስቡት፤ ብቅሉ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ እንኩሮው አንድ፣ ጠማቂዋም አንድ ሆና ጌሾው ብቻ ይለያያል። አንዱ ጋን ከጨርጨር ደጋ፣ አንዱ ከጎጃም፣ ሌላው ከወሎ በመጣ ጌሾ ይደፈደፋል። ከዚያ የቡና ቀማሾች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ሁሉም በቁጥር ብቻ ተለይተው ይቀርባሉ። የትኛው ጉንጭ ያደርቃል፣ የትኛው ይለዝባል፣ የቱ ከማሽላ ጋር፣ የቱ ከገብስ ጋር ይስማማል? ቅጠሉ ከዝናብ በፊትና በኋላ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? የያኪማ ገበሬዎች ሞዛይክን ያገኙት ከብዙ ችግኝ መሐል መርጠው፣ ጠምቀው፣ ቀምሰው፣ ጥለው፣ እንደገና ቀምሰው ነው። ለጌሾው ሙከራ ግን ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ጋኖች፣ ትዕግሥትና እነዚህ እናቶች ናቸው የሚያስፈልጉት።

ሰዎቹም ተቋማቱም በአካባቢው አሉ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ላይ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከኢቱ ኦሮሞ የሸንጎ ዛፍ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በማሽላና በቡና ምርምር ዕድሜ ያስቆጠረ ነው። የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዳሮ ለቡ አለ። ለእነዚህ ሦስት ተቋማት የምለው ይህ ነው፦ ጌሾን እንደ ቡናው ሰብስቡት፣ በየስፍራው መዝግቡት፣ አስቀምሱት። ቀማሽ ስትመርጡ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ሰዎች አስቀድማችሁ የጭሮን፣ የሒርናን፣ የበደሳን ጠላ ጠማቂዎች ጥሩ፤ አንድ ቅጠል አድቅቀው አሽትተው መጠኑን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ለሥራቸውም የቀማሽ ክፍያ ይገባቸዋል። ጠማቂ ነን የምትሉ ወጣቶችም ሆፕ ለማስመጣት ምንዛሪ ከመለመናችሁ በፊት ይህን ተክል በእጃችሁ ያዙት። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ወደ ቁልቢ ስትወጡ ጭሮ ላይ ጠላ የምትቀምሱ አንባቢዎች ደግሞ ጠማቂዋን ጌሾው ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ደጋግሞ የሚጠይቅ ጠጪ ካለ ገበያው መልስ ለማምጣት ይገደዳል።